ቁልፍ ወይስ አዝራር

ማተሚያ ቤቱ ውስጥ በገዛ ስሟ የሚጠራት ሰው የለም፤ ሁሉም «እትዬ አራት ነጥብ» ነው የሚሏት። ስሙ የወጣላት በተቀጠረች በሁለተኛው ዓመት ነበር። አንድ ዳጎስ ያለ መጽሐፍ እየታተመ ሳለ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወርዳ «አቁም! አቁም!» ብላ ጮኸች። የማሽኑ ሠራተኛ የሰው እጅ የተያዘ መስሎት ማሽኑን ቀጥ አደረገው። ፊቱ ዐመድ መሰለ። እሷ ግን እያለከለከች፣ «ገጽ መቶ አርባ ሁለት ላይ አራት ነጥብ ጎድሏል» አለችው። ሰውዬው ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለና፣ «አንቺ ሴትዮ፣ እኔ እኮ ጣት መስሎኝ!» አለ። ከዚያን ቀን ወዲህ ስሙ ተለጠፈባት። እሷም አልጠላችውም።

ሥራዋ እርማት ነው። በሁለተኛው ፎቅ፣ በኮሪደሩ ጫፍ፣ አንድ መስኮት ያላት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ተቀምጣለች። ከታች ማሽኑ ሲነሣ ወለሉ ስለሚንቀጠቀጥ፣ የሻይ ብርጭቆዋ ውስጥ ያለው ማንኪያ ቀኑን ሙሉ ይንጫጫል። ማስመሪያዋን ከመስመሩ ሥር አድርጋ እያንዳንዱን ገጽ ሁለት ጊዜ ታነባለች፤ አንዴ ለትርጉሙ፣ አንዴ ደግሞ ከኋላ ወደ ፊት፣ ፊደል በፊደል። የሰው ስሕተት አያስደነግጣትም። በቀይ እስክሪብቶ ጫር አድርጋ ታልፈዋለች። የሚያስደነግጣት የራሷ ነው።

የምትኖረው ብቻዋን ነው፤ ከማተሚያ ቤቱ በእግር ሃያ ደቂቃ በምትርቅ አንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ። አልጋ፣ መስኮት ሥር ጠረጴዛ፣ የመጽሐፍ መደርደሪያና ሁለት ወንበር አላት። ሁለተኛውን ወንበር የገዛችው ለታናሽ ወንድሟ ልጅ ብላ ነው።

ይህች ልጅ የስድስት ዓመት ሳለች ከትምህርት ቤት ደረጃ ወድቃ እግሯ ተሰበረ። እናትና አባቷ ሥራ ላይ ስለሚውሉ፣ አክስቷ የዓመት ፈቃዷን ወስዳ ሦስት ሳምንት ሙሉ አልጋዋ አጠገብ ዋለች። ልጅቱ እግሯ በጀሶ ታስሮ ጣራ ጣራውን ስታይ ከዋለች በኋላ፣ አንድ ቀን በሩ ላይ የተሰቀለውን ካፖርቷን አየችና፣ «አክስቴ፣ የጠፋ ቁልፍ የት ነው የሚሄደው?» አለቻት። ካፖርቱ ከአምስት ቁልፎቹ አራተኛው የለውም።

አክስቲቱ ሳታስብ ጀመረች። ቁልፉ አውቶቡስ ውስጥ ወደቀ፤ ሲንከባለል ጊዜ ጎማ የሆነ መሰለው፤ ጎማ አለመሆኑን ሲያውቅ አለቀሰ፤ ዝናብ ወሰደው፤ በመጨረሻ አንዲት ሴት አንሥታ ለአንዲት የጨርቅ ድመት ዓይን አድርጋ ሰፋችው። አንድ ቀን በመስኮት ሲያይ ካፖርቱ በመንገድ ያልፋል። በእሱ ቦታ ሌላ ቁልፍ ተተክቷል። ቁልፉም ዝም ብሎ ማየቱን ቀጠለ።

ልጅቱ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ሰማቻት። በማግስቱ ድገሚልኝ አለች፤ በሦስተኛውም ቀን። በአራተኛው ቀን ግን ተቆጣች።

«ትናንት ድመቷ ጥቁር ናት ብለሽ ዛሬ ግራጫ አደረግሻት! ጻፊልኝ በቃ። ከተጻፈ አትቀያይሪውም።»

«እሺ የኔ እመቤት። ከነሥዕሉ እጽፍልሻለሁ።»

«መቼ?»

«ለልደትሽ።»

ልደቷ አራት ወር ቀርቶት ነበር። አሥራ ስድስት ገጽ መጽሐፍ ነው፤ ለዚያውም ታሪኩ ያለቀ። ምን ችግር አለው?

ችግሩ የመጀመሪያው ቃል ላይ ጠበቃት። «አንድ ቁልፍ ነበረ» ብላ ጻፈችና ቆም አለች። ቁልፍ ሲባል የበር ቁልፍ የሚመስለው አንባቢ ቢኖርስ? ሰረዘችው። «አንድ አዝራር ነበረ።» የስድስት ዓመት ልጅ አዝራር የሚለውን ቃል ከየት አምጥታ? ሰረዘችው። «አንድ የካፖርት ቁልፍ ነበረ።» ታዲያ ከካፖርቱ መውደቁ ገና ሳይነገር ምሥጢሩ ወጣ። በዚህ በዚህ አንድ ወር አለፈ። ከዚያ ወደ ሥዕሉ ዞረች። እጇ ጥሩ ነው፤ ተማሪ ሳለች አስተማሪዎቿ ይመሰክሩላት ነበር። አሥራ አንድ ድመት ሣለች፤ አሥራ አንዱም አላማራትም። ወረቀቱ ስስ ስለሆነ ነው አለችና ወፍራም ወረቀት እስኪመጣ ጠበቀች። ወረቀቱ መጣ። ቀለሙ ደግሞ እንዲህ ላለ ወረቀት አይሆንም።

ለልደቱ ጫማ ገዝታ ሄደች።

«መጽሐፌስ?» አለች ልጅቱ።

«ትንሽ ቀርቶኛል።»

በስምንት ዓመቷም ትንሽ ቀርቶ ነበር። የሸሚዝ ካርቶን ውስጥ ይቀመጥ የነበረው ረቂቅ ሁለት ካርቶን ሆነ፣ ከዚያም ወደ ሻንጣ ተዛወረ። በዘጠኝ ዓመቷ ልደት ላይ ወንድሟ እንግዳው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ «እትዬ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። ያንቺ እንቁላል እኮ ሄዶ፣ ዶሮ ሆኖ፣ አርጅቶ ሞቷል» አላት። ቤቱ በሣቅ ፈረሰ። እሷም አብራ ሣቀች። ወደ ቤቷ ስትመለስ ግን አውቶቡሱ ውስጥ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ፣ መውረጃዋን አልፋ ሄደች።

ሰነፍ አልነበረችም፤ ሰነፍ ብትሆን ይሻላት ነበር። እሁድ ጠዋት ጠረጴዛውን ወልውላ፣ እርሳሶቿን ቀርጻ፣ መጀመሪያ ያለፈውን እሁድ ሥራ ታነባለች። የምታነበው ግን እንደ አክስት አይደለም፤ እንደ አራሚ ነው። ቃሉ ገና ሕይወት ሳይዘራ ጉድለቱ ይታያታል። እንግዲህ ከሰዓት በኋላውን ስታስተካክል ትውላለች፤ ማታ ደግሞ ያስተካከለችው ከመጀመሪያው የባሰ ይመስላታል። «ተበላሽቶ ከሚወጣ ይቆይ» ትላለች። መቆየቱ ራሱ ብልሽት መሆኑ አልታያትም።

ማተሚያ ቤቱ ውስጥ አንድ ጠራዥ ነበር። ድምፁ ዝግ ያለ፣ ጣቶቹ ላይ ሁልጊዜ ሙጫ የደረቀበት ሰው ነው። አንድ መጽሐፍ ተጠርዞ ባለቀ ቁጥር የመጀመሪያውን ቅጂ እጁን በጨርቅ ጠርጎ ራሱ ይዞላት ይመጣል። በር ላይ ቆሞ፣ «ይኸው ልጅሽ» ይላል። አንድ ቀን ግን መጽሐፉን ከሰጣት በኋላ አልሄደም።

«እሁድ እሁድ ወንዙ ዳር እንሸራሸራለሁ። ብቻዬን መሄዱ ሰልችቶኛል» አላት።

ቀይ እስክሪብቶዋን ከደነችና መልሳ ከፈተችው። «አንድ የጀመርኩት ሥራ አለ። እሱን ልጨርስና…» አለችው።

ከስድስት ወር በኋላ ደግሞ ጠየቃት፤ መልሱ ያው ነው። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ፣ «ለመሆኑ ሥራው ምንድን ነው?» አላት።

«የልጆች መጽሐፍ።»

«ስንት ገጽ?»

«አሥራ ስድስት።»

ጠራዡ አልሣቀባትም። «አሥራ ስድስት ገጽ እኔ በሁለት ስፌት እይዘዋለሁ። አምጪልኝ፤ እንዳለ አምጪው» አላት። «ትንሽ ቀርቶኛል» አለችው። በዓመቱ ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቶ ሄደ። ቆይቶም አገባ ተባለ። ወሬውን ያመጡላት ከታች ያሉት ሴቶች ናቸው፤ እሷም «ደስ ይላል» ብላ ወደ ገጿ ተመለሰች። ገጹን ግን ሦስት ጊዜ አነበበችው፤ ምን እንደሚል አታውቅም።

ልጅቱ አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላት መጽሐፌስ ማለቷን ተወች። ስጦታውን ተቀብላ፣ አክስቷን ስማ፣ ከጓደኞቿ ጋር ወደ ጓዳ ገባች። አክስቲቱ ያን ዕለት ቀለል አላት። ዕዳ የተሰረዘላት መሰላት። ቆይቶ ነው ነገሩ ሆዷን የበላት፤ የሚጠብቅሽ ሰው የለም ማለት እኮ ነው። ሆኖም መጽሐፉን አልተወችውም። እሁድ በመጣ ቁጥር ሻንጣው ይከፈታል፤ አመሻሽ ላይ ይዘጋል። «እሁድ ብቅ በይ እንጂ» ሲሏት «ሥራ አለብኝ» ትላለች። እየቆየ የሚጠራትም ጠፋ።

እንዲህ እንዲህ እያለ ልጅቱ ሃያ ዓመት ሞላት፤ የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪም ሆነች። የምታስተምርበት ለአክስቷ ቤት ቅርብ ስለነበረ፣ ዝናብ ሲጠነክር እዚያ ታድራለች። አንድ ቀን ጠዋት መነጽሯን ጠረጴዛው ላይ ረስታ ወጣች። አክስቲቱ በምሳ ሰዓት መነጽሩን ይዛ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደች።

ኮሪደሩ ላይ ትንንሽ ካፖርቶች በዝቅተኛ መስቀያ ተደርድረዋል። የክፍሉ በር ገርበብ ብሏል። ልታንኳኳ እጇን ስታነሣ ድምፅ ሰማች።

«…ከዚያ ቁልፉ ሲንከባለል፣ ሲንከባለል፣ ‹ውይ! ጎማ ሆንኩ እኮ!› አለ።»

ሃያ ሕፃን በአንድ አፍ ሣቀ።

አክስቲቱ ባለችበት ደርቃ ቀረች። ታሪኩ የራሷ ነው፤ ነገር ግን ስሕተት በስሕተት ነው። አውቶቡሱ ታክሲ ሆኗል። ድመቷ ቀይ ናት። መጨረሻው ደግሞ ጭራሽ ሌላ ነው፤ ካፖርቱን የለበሰችው ልጅ ቁልፉን በመስኮት አይታ ትገባለች፣ ድመቷንም ቁልፉንም ይዛ ትሄዳለች። እጇ በኪሷ ውስጥ ቀይ እስክሪብቶዋን ፈለገ። ሕፃናቱ ግን እያጨበጨቡ ነው።

«ቲቸር! ይሄን ታሪክ ማነው የጻፈው?» አለች አንዲት ቀጭን ድምፅ።

«ማንም አልጻፈውም» አለች የወንድሟ ልጅ። «እንዲሁ ሲነገር የመጣ ነው።»

አክስቲቱ መነጽሩን ለጽዳት ሠራተኛዋ ሰጥታ ወጣች። ከሰዓት በኋላ አርባ ገጽ አርማ አወረደች። ማንም ምንም አላወቀባትም።

ቅዳሜ ልጅቱ መጣች። ሁለተኛው ወንበር ላይ ተቀምጣ ሻይዋን እያማሰለች፣ «መነጽሬን አምጥተሽ ሳታይኝ ሄድሽ?» አለቻት።

«ታሪክ እየነገርሽ ነበር።»

የልጅቱ እጅ ቆመ። «ሰማሽኝ?»

«ማንም አልጻፈውም ስትዪ ሰማሁ።»

«አክስቴ፣ እንዲያስከፋሽ ብዬ አይደለም እኮ።»

«አውቃለሁ።»

«ግን ጻፍሽው እንዴ?» አለች ልጅቱ ቀስ ብላ። ክፋት አልነበረበትም፤ የምር ነው የጠየቀችው።

ልጅቱ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «እኔ እኮ ብዙ ጊዜ ልጠይቅሽ ፈልጌ ነበር። እማዬ ናት የከለከለችኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሊሞላኝ ሲል ጠርታ፣ ‹ከእንግዲህ ስለ መጽሐፉ አክስትሽን እንዳታነሺባት፤ ታሳፍሪያታለሽ› አለችኝ። አባዬም ከዚያ በኋላ ቀልዱን ተወ። ሁላችንም ተውን።»

አክስቲቱ ጆሮዋ ጋለ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቤተሰቡ በሙሉ እንደ በሽተኛ እየተጠነቀቀላት መኖሩን አላወቀችም ነበር። ብትሰደብ ይሻላት ነበር። የወንድሟ ሚስት በዓመት በዓሉ፣ በልደቱ፣ ወጥ እየጨመረችላት፣ ስለ ሥራ ምንም ሳትጠይቃት ያለፈችው ለካ ንቃ አልነበረም። አዝናላት ነው።

«ሻይሽ ቀዘቀዘ» አለቻት ልጅቱን።

እሁድ ጠዋት ሻንጣውን ሳብ አደረገችና ተወችው። ከከፈተችው እንደምታነብ፣ ካነበበች ደግሞ እንደምታርም ታውቃለች። በእግሯ ገፍታ ወደ አልጋው ሥር መለሰችው። ከማተሚያ ቤት ያመጣችውን ተራ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አደረገች፤ እርሳሱንና ላጲሱን መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችባቸው። የማይጠፋ ማርከር ብቻ ያዘች። ከዚያ ባዶውን ወንበር ወደ ራሷ አዙራ፣ ሰው የሚሰማት እየመሰላት እያፈረች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ማውራት ጀመረች። አፏ ያለውን እጇ ጻፈው። «አንድ ቁልፍ ነበረ» ነው ያለችው። ለበር ይሁን ለልብስ አልተመለሰችበትም። ገጹ ባለቀ ቁጥር ገልብጣ ከትልቁ መዝገበ ቃላት ሥር ትከተዋለች።

ቀላል አልነበረም። አምስተኛው ገጽ ላይ «ተንከባለለ» የሚለውን ሁለት ጊዜ እንደጻፈች ትዝ አላት። ተነሥታ ፊቷን ታጥባ ተመለሰች። አሥረኛው ገጽ ላይ አለቀሰች፤ ቁልፉ አሳዝኗት አይደለም፤ አጻጻፏ አሳፍሯት ነው። ቢሆንም ፀሐይ ከመስኮቱ ፈቀቅ ስትል አሥራ ስድስቱም ገጽ ከመዝገበ ቃላቱ ሥር ነበር።

የምትነግረው ሰው አሰበች። ለወንድሟ ደወለች። ከኋላው ኳስ ይሰማል።

«ጨረስኩት» አለችው።

«ምኑን?»

«መጽሐፉን።»

«የቱን መጽ… ኧረ! በስመ አብ! ጎበዝ እትዬ።» የኳሱን ድምፅ ቀነሰ። «ራት በልተሻል?»

«እበላለሁ።»

ስልኩ ሲዘጋ ክፍሉ ከወትሮው ይልቅ ጭር አለባት።

ሥዕሎቹን ከሥራ መልስ እየመጣች በአራት ቀን ሣለቻቸው፤ በቀን አራት። ማርከር ስለማይጠፋ የተበላሸው እንደተበላሸ ቀረ። ሽፋን አልብሳ በሁለት ስፌት ያዘችው፤ ዓርብ ምሳ ሰዓት ላይ በትምህርት ቤቱ በር ለልጅቱ ሰጠቻት። ልጅቱ እዚያው ቆማ ገለጠች።

«ይቺ ፍየል ምን ትሠራለች?»

«ድመት ናት።»

ሁለቱም ሣቁ። ልጅቱ ግን መጨረሻው ላይ ስትደርስ ሣቋን ተወች። ቁልፉ በመስኮት ያያል፤ ካፖርቱ አልፎ ይሄዳል፤ በቦታው ሌላ አለ።

«ልጆቼ ይሄን አይወዱትም መሰለኝ። እንዳይከፋሽ» አለች።

«እነሱማ ያንቺን ነው የሚወዱት። ይሄን የጻፍኩት ለአንዲት እግሯ ለተሰበረ ልጅ ነው።»

ልጅቱ መጽሐፉን ዘጋችው። «እሷ እኮ የለችም፣ አክስቴ።»

«አውቃለሁ» አለች አክስቲቱ። ልጅቱ በሁለት እጇ አንገቷን አቅፋ ጥቂት ቆየች፤ ከዚያ ደወል ተደወለና ሮጣ ገባች።

መጽሐፉ ለሕፃናቱ ተነበበ። አንዱ አለቀሰ፤ ሌላው «ቁልፉ ለምን አልተናደደም?» ብሎ ጠየቀ፤ የቀሩት የድሮውን መጨረሻ ካልነገርሽን አሉ። በወሩ ሽፋኑ ተቀደደ፣ ገጽ ዘጠኝም ጠፋ። አክስቲቱ ይህን ስትሰማ እንደምትናደድ ጠብቃ ነበር። አልተናደደችም።

የከበዳት እሁዱ ነው። አሥራ አራት ዓመት እሁዷን ሸፍኖ የያዘላት ነገር ሲነሣ፣ ከሥሩ ያለው ባዶ ቀን ተገለጠ። የሚጠራት የለም፤ ሥራ አለብኝ የምትለውም ሰው የለም። የመጀመሪያውን እሁድ መስኮት ሥር ቁጭ ብላ የጎረቤት ልብስ በገመድ ላይ ሲደርቅ ስታይ ዋለች። በሁለተኛው እሁድ ወንድሟ ቤት ሳትጠራ ሄደች። የወንድሟ ሚስት በሩን ከፍታ አየቻትና ደነገጠች፤ ከዚያም ወደ ጎን ብላ፣ «ግቢ እንጂ፤ ምን ትቆሚያለሽ?» አለቻት። ምሳ አብረው በሉ። ስለ ምንም ትልቅ ነገር አላወሩም። ስትወጣ የወንድሟ ሚስት በር ድረስ ሸኝታት፣ «እሁድ ሁልጊዜ ቤት ነን» አለቻት።

በሦስተኛው እሁድ ከጠረጴዛው ቀረበች። ማንም አልለመናት፤ ልደትም የለ። አዲሱ ታሪክ ስለ አንድ ዣንጥላ ነው። አንደኛውን ገጽ ጻፈች፣ አልወደደችውም፤ ገለበጠችውና ሁለተኛውን ጀመረች።